ያልተቆጠሩት ባልዲዎች

ስለ ኤርሜሊንዳ በመንደራችን ከሚወራው ግማሹ ውሸት ነው። ሌላውን ግማሽ ያወራሁት እኔ ነኝ። ምላሴ ረጅም እንደሆነ መላው የሜስኪታል መንደር ያውቃል፤ «ናቻ ያልሰማችውን እግዜርም አልሰማውም» ይሉኛል፤ ይበሉ። የዛሬው ግን ሐሜት አይደለም። ሐሜት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ደረቴን አያቃጥለኝም ነበር።

ኤርሜ አበልጄ ናት። ልጄን ኦፌሊያን ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት። ቤታችንን የሚለየው ወገብ የማይደርስ የድንጋይ አጥር ስለሆነ፣ እሷ ስታነጥስ እኔ ከጓዳዬ ሆኜ ይማርሽ እላታለሁ። ባሏን ፊደንሲዮን የብሮኮሊ ለቃሚዎችን የጫነ መኪና ተገልብጦ ገደለባት። ከዚያ ወዲህ የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት፣ ሮሳልባ። ኤርሜ ጠዋት ታማሌ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል የበቆሎ ሊጥ፣ ሠርታ አውራ ጎዳናው ዳር ትሸጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ፍየሎቿን ታያለች፤ ማታ ትጸልያለች። ከዚህ ያለፈ ነገር ከሕይወት ጠይቃ አታውቅም።

ኤርሜ ልጅ ሳለች የመንደሩ ውሃ ከቅርብ ጉድጓድ በገመድ ይቀዳ ነበር። ጥርሷ እስከ ዛሬ እንደ ወተት የነጣው ለዚያ ነው። በኋላ ትልልቆቹ እርሻዎች ፓምፕ አምጥተው ከሥር መጠጡት፤ ጉድጓዶቻችን አንድ በአንድ ደረቁ። ሴቶቹ ተሰብስበን ሳይሆን ተሰብስበው ልበል፣ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፣ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ሦስት ቀን ተቀመጡ። ከፊት የተቀመጠችው ኤርሜ ነበረች፣ ሮሳልባን ጡት እያጠባች። ለመኑ፣ ተሳደቡ፣ በመጨረሻ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረላቸው። ውሃው ከሦስት መቶ ሜትር በታች እየተነነ ወጣ። ሙዚቀኛ ተጠራ፤ ኤርሜ ልጇን ታቅፋ በውሃው መሃል ጨፈረች። እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ ይባል የለ? ያ ሙቅ ውሃ ከአለቱ ሆድ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይዞ መጥቶ ኖሯል። አይሸትም፣ አይጣፍጥም፣ አይመርም። በዚያ ውሃ ያደጉ ልጆች አዋቂ ጥርሳቸው ሲበቅል ቡናማ ሆኖ፣ እንደተላጠ የግድግዳ ቀለም ተቦርቡሮ ብቅ አለ። እኔም አንዷ ነኝ። ሮሳልባም።

ሮሳልባ ቆንጆ ናት፤ አፏን ስትዘጋ። ይህን ስል ክፋት እንዳይመስላችሁ፣ እኔን በተመለከተ አፌን ዘግቼም ያው ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ሊዮን ከተማ ሄዳ ጫማ መሸጫ መደብር ውስጥ ሥራ ጠየቀች። ኃላፊዋ መልኳን አየች፣ ቁመቷን አየች፣ ደስ አላት። «እስቲ ፈገግ በዪልኝ፣ ደንበኛ ሲገባ የምትዪውን» አለቻት። ሮሳልባ ፈገግ አለች። ሴትየዋ ወረቀቷን መለሰችላትና «እንደውልልሻለን» አለቻት። እስከ ዛሬ አልደወሉም። ሮሳልባ ከመደብሩ ጀርባ ወዳለው ፋብሪካ ገባች፤ እዚያ ሶል በሙጫ ስትለጥፍ ሳቀች አልሳቀች ማን ግድ አለው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የስድስት ወር ሕፃን ታቅፋ በአውቶቡስ መጣች። ሉሲላ። አባትየውን አላነሳውም፤ እሱም ልጁን አንስቶ አያውቅም። የፋብሪካው ፈረቃ ከሕፃን ጋር አልሆነላትም። በዚያን ቀን እኔ ኦፌሊያን በጎኔ ይዤ አጥሩ ላይ ተደግፌ ነበርና እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ።

«እማዬ፣ የጡቴን ነገር ተይው፣ የቆርቆሮ ወተት እልካለሁ» አለች ሮሳልባ። «ልብስ እልካለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ።»

«ተናገሪ።»

«ጥርሷን አደራ። የኔን ጥርስ እንዳታወርሻት። ከዚህ ቧንቧ አንዲት ጠብታ እንዳታጠጫት።»

«እና ምን ላጠጣት ልጄ? ዝናብ?»

«እኔ አላውቅም። አንቺ እናቴ ነሽ፤ እወቂ።»

ኤርሜ ልጅቷን ተቀበለች፤ ግንባሯ ላይ በአውራ ጣቷ መስቀል ሠራችባት። «አደራሽን ተቀብያለሁ» አለች። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ። ይህች ሴት የተቀበለችውን አደራ በልታ አታውቅም፤ ለዚህ እኔ ምስክር ነኝ።

እግዜር የሚልከውን ያውቃል፤ በዚያው ሰሞን ከዩኒቨርሲቲ አንድ ቀጭን ወጣት ኢንጂነር መጣ፣ ባልታሳር ይባላል። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰበሰበንና ውሃውን በከብት አጥንት ከሰል ማጣራት ይቻላል አለን። ሳቅን። እኔማ በእንባ ሳቅሁ። «ኢንጂነር፣ እኛ ሥጋውን ስናጣ አጥንቱን ልንጠጣ ነው?» አልኩት። ቾና የባሌ እኅት ደግሞ ተነሥታ፣ ሥጋ በማይበላበት በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ በከብት አጥንት ውስጥ ያለፈ ውሃ ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም ብላ ጠየቀች፤ ነገሩ እስከ ቄሱ ደርሶ እሳቸውም ሲስቁ ቆይተው አያስገድፍም አሉ። ያልሳቀችው ኤርሜ ብቻ ነበረች። ሉሲላን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «ድገመው፤ ቀስ ብለህ ድገመው» አለችው።

ደገመላት። ሦስት ቀን ቤቷ እየተመላለሰ አስተማራት፤ እኔም ከአጥሩ ወዲህ በነፃ ተማርኩ።

«ዶኛ ኤርሜ፣ ፍሎራይዱ እንደ ጭቃ አይደለም፣ በወንፊት አይያዝም» አላት አክብሮ። «ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ነው ያለው። የአጥንቱ ከሰል ውስጡ ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ በዓይን የማይታይ። ፍሎራይዱ የቀዳዳው ግድግዳ ላይ ሄዶ ይለጠፋል።»

«በምን ሙጫ?»

«አጥንት ይወዳላ። የእናንተን አጥንትና ጥርስ የሚይዘው ለምን መሰለሽ? እኛ የሞተ አጥንት ሰጥተን እናታልለዋለን።»

ይኼ ለኤርሜ ገባት። ከከተማው ቄራ አጥንት በማዳበሪያ ከረጢት እያስጫነች አመጣች፤ ቀቅላ ሥጋና ጮማውን አወጣች፤ የተዘጋ በርሜል ውስጥ ከትታ ሜስኪቴ በሚባለው እሾሃማ ዛፍ እንጨት አቃጠለች። ሽታው! ጎረቤት ሁሉ መስኮት ዘጋ፤ ልጆች «ዶኛ ኤርሜ ሬሳ ትጠብሳለች» እያሉ ይዘፍኑባት ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ እሳቱን አበዛችው፣ አየርም አስገባች፤ አጥንቱ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ወጣ። ነጭ ስለሆነ ንጹሕ መሰላትና ደስ ብሏት ለባልታሳር አሳየችው። እሱ ጭንቅላቱን ያዘ። «ነጩ የተቃጠለው ነው፤ ቀዳዳው ሟሽሾ ተደፍኗል። እኔ የምፈልገው ጥቁሩን ነው» አላት። አልከፋትም፤ ጣለችውና እንደገና ጀመረች። አምስት ጊዜ አቃጥላ በስድስተኛው ጥቁር፣ ሲነኩት ቀለል የሚል፣ ምላስ ላይ ሲያደርጉት ልጥፍ የሚል ከሰል አወጣች። ያንን ፈጭታ፣ ነፍታ፣ አጥባ ሰማያዊ በርሜል ሞላችው።

ከበርሜሉ የሚወጣው ውሃ የክር ያህል ነው። እኔ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ፤ «የኔ ሽማግሌ አማች እንኳ ከዚህ ፈጥነው ይሸናሉ» ብዬ ቧንቧውን ላላላው እጄን ስሰድ ጀርባዬን በጥፊ አለችኝ።

«ተይ አበልጄ! ማስሮጥ የለም።»

«ባልዲዬ እስኪሞላ ልጄ ልታገባ ነው እኮ።»

«ታግባ። ቆማ ትጠብቅ።»

ለምን ማስሮጥ እንደሌለ ባልታሳር በአውቶቡስ መስሎ አስረድቷት ነበር። በሩ አጠገብ ያሉት ወንበሮች ወዲያው ይያዛሉ። ወደ ኋላ ያሉት ግን ሰው በጠባቡ መተላለፊያ እየተጋፋ ስለሆነ የሚደርሰው ጊዜ ይፈጃል። ፍሎራይዱም እንደዚያው ነው፤ ከላይ ከላይ ያለው ቀዳዳ ቶሎ ይይዘዋል፣ ወደ ውስጠኛው ለመግባት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ውሃው ከሮጠ የኋላው ወንበር ባዶውን ይቀራል።

«ወንበሩ ሁሉ ሲያዝስ?» አለችው።

«ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ አልፎ ብርጭቆሽ ውስጥ ይገባል።»

«ማለፉን በምን አውቃለሁ?»

«አታውቂውም። ውሃው መልኩም ጣዕሙም ያው ነው። ስለዚህ መቁጠር ነው። ይህ በርሜል ሺህ አንድ መቶ ባልዲ ይችላል። ሺህ አንድ መቶ ሲሞላ አጥንቱን ቀይሪ፤ አንድም ባልዲ አታሳልፊ።»

ኤርሜ ማንበብ ብዙም አይሆንላትም። አንድ ትልቅ የመስታወት ገንቦ አመጣች፤ ሺህ አንድ መቶ ፍሬ ቦሎቄ ከባልታሳር ጋር ቆጥራ በከረጢት አስቀመጠች። አንድ ባልዲ ስትቀዳ አንዲት ቦሎቄ ከከረጢቱ ወደ ገንቦው። በቀን ሁለት ባልዲ ነው የምትቀዳው፣ አንዱ ለቤት አንዱ ለታማሌዋ። ታማ እንኳ በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ፣ እየተንገዳገደች ተነሥታ ቦሎቄዋን ስትጥል አይቻለሁ። ባልታሳር ሁለት ሦስት ጊዜ የመመርመሪያ ጠብታ ይዞ መጥቶ ውሃውን መረመረ፣ እጇን ሳመ፣ ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ሥራ አለቀና አልተመለሰም።

እንግዲህ ወደ እኔ ልምጣ። ልሸሸው አስቤ ነበር፤ አልሸሽም።

ኦፌሊያ ከሉሲላ በዘጠኝ ወር ትበልጣለች። በርሜሉ ሲተከል ዓመት ከሦስት ወሯ ነበር። ኤርሜ ገና በመጀመሪያው ቀን ባልዲዬን ከእጄ ተቀበለችና «የክርስትና ልጄ ከዚያ ቧንቧ ስትጠጣ እንዳላይ» አለችኝ። ቀዳሁ። በቀን አንድ ባልዲ ወሰድኩ። ከዚያ ሾርባዋስ ብዬ ሁለት አደረግሁት። ቾና ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እሷም አንድ ባልዲ መውሰድ ጀመረች። ኤርሜ ለማንም እምቢ አላለችም፤ አንድ ቀን እንኳ ፊቷ አልጠቆረም። እኛ ዘንድ ደግሞ ውሃ የሰጠ ሰው የሰጠውን አይቆጥርም። ለጎረቤት የሰጠውን ባልዲ የቆጠረ ጉድጓዱ ይደርቅበታል ይላሉ አሮጊቶቻችን፤ ለክርስትና ልጅ ሲሆንማ መቁጠር ጭራሽ ነውር ነው፣ አበልጅን መክሰስ ነው። እኔ ባልዲዬን ይዤ ስወጣ ኤርሜ ወደ ገንቦው ዘወር ብላም አታይ። እሷ የቆጠረችው የራሷን ሁለት ባልዲ ነው።

እኔ፣ የሰውን ጉዳይ ሁሉ የምቆጥር ሴትዮ፣ ያንን አልቆጠርኩም።

ዘጠኝ ወር እንዲህ ሆነ። ከዚያ ባሌ ሳን ሉዊስ ከተማ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘና በየሳምንቱ የታሸገ ውሃ በትልልቅ ጠርሙስ ማምጣት ጀመረ። ኤርሜን አመሰገንኩ፣ ዶሮ ሠርቼ ወሰድኩላት፣ ባልዲዬን ሰቀልኩ። ቾናም ወልዳ ወደ ባሏ አገር ሄደች። ኤርሜ ከሉሲላ ጋር ብቻዋን ከዚያ በርሜል መቅዳቷን ቀጠለች፣ በቀን ሁለት ባልዲ፣ በቀን ሁለት ቦሎቄ፤ ገንቦው ገና ግማሽ ነበር። ከግማሽ እስኪሞላ ሌላ ዘጠኝ ወር ወሰደ። የመጨረሻዋን ቦሎቄ የጣለች ቀን አጥንቱን አውጥታ ጣለች፣ አዲስ ከሰል ሞላች፣ አንድም ባልዲ አላሳለፈችም። አመሻሽ ላይ አጥሩ ጋ መጥታ «አበልጄ፣ ልክ በቀኑ ቀየርኩ» አለችኝ። እኔም ጎበዝ አልኳት።

ዓመታት አለፉ። ሉሲላ የወተት ጥርሷን አወጣች፣ እንደ በቆሎ እሸት ድርድር ያለ። ኤርሜ በየወሩ ልጅቷን ከበራፉ አቁማ ፎቶ አንሺልኝ ትለኛለች፣ በስልኬ አነሳለሁ፣ ለሮሳልባ እንልካለን። ሮሳልባ ከዚያ ማዶ ስታለቅስ ይሰማል። «እማዬ፣ እግርሽን ልሳመው» ትላለች። ኤርሜ ያን ጊዜ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ነበረች፣ ከስልኩ በኋላ ግን ግቢውን እየዘፈነች ትጠርግ ነበር። ልጆቹም አንድ ነፍስ ሆኑ፤ ኦፌሊያና ሉሲላ አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ሲንጫጩ ነው የሚያነጉት።

ኦፌሊያ ቀድማ የፊት ጥርሷ ወለቀ። አዲሱ ነጭ ሆኖ ወጣ። ኤርሜ አገጯን ይዛ ወደ ፀሐይ አዙራ አየቻትና «አየሽ? አየሽ የአጥንቱን ሥራ?» አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት። እግዜር ይየኝ፣ ከልቤ ነው የሳምኳት።

ከወራት በኋላ የሉሲላ ወጣ። በመጀመሪያ ጫፉ ላይ እንደ ጠመኔ የደበዘዘ መስመር ነበረው። ኤርሜ ምግብ ነው አለች። ጥርሱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ግን መስመሩ ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ቡናማ ሄደ። አንድ ቀን ጠዋት የልጅ ጩኸት ሰምቼ አጥሩን ዘለልኩ። ኤርሜ ልጅቷን በጉልበቷ መሃል ይዛ ጥርሷን በሶዳና በአመድ ትፈገፍጋለች። ድዷ ደምቷል፤ አገጯ ሁሉ ደም ነው።

«አበልጄ፣ ተያት!»

«ይለቃል። እየለቀቀ ነው።»

«የለቀቀው ደሟ ነው እንጂ ጥርሷ አይደለም። ተያት በማርያም።»

እጇን በግድ አስለቀቅኋት። ልጅቷ እየሮጠች ሄዳ ኦፌሊያ ላይ ተለጠፈች።

በማግሥቱ ሦስታችን ከተማ ወዳለች የጥርስ ሐኪም ሄድን። ደህና ሴት ናት፣ አትቸኩልም። የልጅቷን አፍ ከፍታ ብዙ ጊዜ አየች። «ይህ ዛሬ የመጣ አይደለም» አለች። «የፊት ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ የሚሠራው ልጁ ሕፃን ሳለ ነው። ዓመት ከምናምን እስከ ሁለት ዓመቷ ድረስ ምን ውሃ ነበር የምትጠጣው?»

«የተጣራ» አለች ኤርሜ። «በአጥንት ከሰል የተጣራ። አንዲት ጠብታ ከቧንቧ አልቀመሰችም።»

«ከሰሉ አልፎበት ይሆናል።»

«አላለፈበትም። ቆጥሬያለሁ።»

ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። በኋላ፣ ይህ በእጥበት የሚለቅ አይደለም፣ ስታድግ በላዩ የሚለጠፍ ነገር አለ፣ ውድ ነው አለች። ኤርሜ የሰማች አልመሰለኝም። አውቶቡስ ውስጥ ሙሉ መንገድ በጣቷ ትቆጥር ነበር።

ቤት እንደደረስን ገንቦውን ከመደርደሪያ አወረደችና ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ያ ሁሉ ቦሎቄ ወለሉ ላይ ተበተነ። ተንበርክካ በአሥር በአሥር ትደረድር ጀመር። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። በአውቶቡሱ ውስጥ ሐኪሟ ያለችውን ሳሰላስል ገብቶኝ ነበር።

«ሺህ አንድ መቶ ነው» አለች። «ይኸው። አልሰረቅሁም። የታመምኩ ቀን እንኳ አልዘለልኩም። እና ምን አጥፍቼ ነው ናቻ? የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?»

ዝም ብል ኖሮ እስከ ዕለተ ሞቷ አታውቀውም ነበር። ብዙ ሌሊት ምነው ዝም ባልኩ እላለሁ። በሕይወቴ ዝም ማለት የነበረብኝን ሁሉ ተናግሬያለሁ፣ የዚያን ቀን ግን የቱ እንደሚሻል እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አበልጄ» አልኳት፣ «የእኔን ባልዲ ቆጥረሽዋል?»

ቀና ብላ አየችኝ። የሞኝ ጥያቄ የጠየቅሁ ነው የመሰላት።

«የተሰጠ ይቆጠራል እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ገባት። ሲገባት አየሁት። እጇ ውስጥ የነበሩት ቦሎቄዎች ወደቁ፤ አላነሳቻቸውም። አፈር ልብላ፣ ምነው በጮኸችብኝ፣ ምነው ጸጉሬን በነጨችኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ውጭ ሁለቱ ልጆች ገመድ ይዘላሉ።

«በርሜሉ ግማሽ ገንቦ ላይ አልቆ ነበር ማለት ነው» አለች። «ያን የኋለኛውን ዘጠኝ ወር በገዛ እጄ ነው ያጠጣኋት።»

«እኔ ነኝ የጨረስኩት።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ። የሰጠሁ እኔ ነኝ።»

ሮሳልባ በግንቦት ለገበሬዎቹ ቅዱስ ለሳን ኢሲድሮ በዓል መጣች። አልነገርናትም ነበር። ኤርሜ በስልክ ልትናገር ሦስት ጊዜ ሞክራ ስለ ፍየሎቹ ብቻ አውርታ ዘጋች፤ ፎቶም አልላክንም። ሮሳልባ ከአውቶቡስ ወርዳ ግቢ ስትገባ ሉሲላ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ እየሳቀች። ሮሳልባ ሻንጣውን አስቀመጠች። ልጅቷን ከአንገቷ ቀስ አድርጋ አላቀቀችና አገጯን ያዘች። ወደ ፀሐይ አዞረቻት። እናቷንም አላየቻት። በዚህ መሃል የእኔዋ ጉድ «አክስቴ ሮሳልባ መጣች!» እያለች እየሳቀች ከአጥሩ ዘላ ገባች።

ሮሳልባ ኦፌሊያን አየቻት። ጥርሷን አየች።

«ይቺ የናቻ ልጅ አይደለችም?» አለች።

«ናት» አለች ኤርሜ።

«የምን ውሃ ጠጥታ ነው ያደገችው?»

ኤርሜ መዋሸት ትችል ነበር። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ በምልክት፣ በዓይኔ፣ ዋሺ እላታለሁ። የታሸገ ውሃ በዪ፣ ባሏ ያመጣል በዪ።

«ከእኛ በርሜል» አለች።

ሮሳልባ ዞር ብላ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ወደ እናቷ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እማዬ፣ አንድ ነገር ነው የለመንኩሽ» አለች። «አንድ ነገር። እሱንም ለሌላ ሰው ልጅ ሰጠሽው።»

ኤርሜ «ኦፌሊያም ሕፃን ነበረች» ልትል፣ «ናቻ አበልጄ ናት» ልትል፣ «አላውቅም ነበር» ልትል ትችል ነበር። «አዎ» ብቻ አለች። በበዓሉ ማግሥት ሮሳልባ ልጅቷን ይዛት ሄደች። ሉሲላ የአውቶቡሱ መስኮት ላይ ተለጥፋ «አያቴ! አያቴ!» ስትል እስከ መታጠፊያው ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ሮሳልባ በወር አንዴ ትደውላለች፣ ጤንነት ትጠይቃለች፣ ትዘጋለች። ሉሲላን አታገናኝም።

ኤርሜ ሥራውን አልተወችም። ዛሬ በሜስኪታል ሃያ ሁለት በርሜል አለ፤ ሁሉንም የሞላችው እሷ ናት፣ በየቤቱ እየዞረች የሰጣችሁትንም የጠጣችሁትንም ቁጠሩ እያለች ታስተምራለች፣ ነውር ነው ያሏትን አሮጊቶች ፊት ለፊት ትጣላለች። ሕፃናቱ ጥርሳቸው ገና ነው። እናቶቻቸው እጇን ይስማሉ። እሷ ግን ከስታለች፤ ቀሚሷ ከትከሻዋ ይንሸራተታል። ታማሌም አትሸጥም።

ኦፌሊያ ብቻዋን መዋል አልለመደችምና የክርስትና እናቷ ጋ መሄድ አበዛች። አንድ ቀን ባቄላ ሾርባ በሳህን አስይዤ ላክኋት። ሳህኑን ኤርሜ ራሷ መለሰችው፣ ታጥቦ፣ ደርቆ። አጥሩ ጋ ቆመች፤ ትንሽ ስለ ፍየሎቹ አወራች፣ ትንሽ ስለ ዝናቡ። ልትሄድ ስትል ተመለሰች።

«አበልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለችኝ። ስንት ዓመት ስንኖር ለምናኝ አታውቅም።

«እዘዢኝ እንጂ።»

«ልጅቷን ለጊዜው አትላኪብኝ። ጠልቻት አይደለም፤ የክርስትና ልጄ ናት፣ እንዴት እጠላታለሁ። ግን ስትስቅ አልችለውም።»

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ኦፌሊያን ለብቻዋ ጠርቼ፣ አያት ኤርሜ አሟታል፣ ድምፅ ይረብሻታል፣ በበሯ ስታልፊ እንዳትስቂ አልኳት። ለምን አላለችኝም፤ ልጆች ከምናስበው በላይ ያውቃሉ። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ስትሄድና ስትመለስ በኤርሜ በር ነው የምታልፈው። ከጓደኞቿ ጋር እየተንጫጩ ይመጣሉ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ እሷ ዝም ትላለች፣ ከንፈሯን ገጥማ እስከ አጥሩ ጫፍ ትሄዳለች። ኤርሜ ከመስኮቷ ታያታለች፤ እኔ ሁለቱንም አያለሁ።